ገማቹ ያዩት ቪላ

መልስ ጠፍቷት የማታውቅ አንዲት የከተማ ባልቴት ነበረች። ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤቷን ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭናበታለች። የቤት ኪራይ ያንገሸገሻቸው ልጆቿም ከነልጆቻቸው ተመልሰው እሷው ጋ ተጠግተዋል።

አምና ግቢዋ ለመንገድ ሲቆረስ፣ የቤት ገማቹ አቶ ደምመላሽ ከደጅ ቆመው አፍንጫቸውን ያዙና፣ «ይሄም ቤት ተብሎ? ጭቃ እኮ ነው! ምን ካሳ ያሰጣል?» ብለው ሄዱ።

ዘንድሮ መንገዱ አለቀና እኚሁ ሰውዬ ለጣሪያና ግድግዳ ግብር ብቅ አሉ። ጎረቤት እየሰማ፣ «እማማ፣ ቤትዎ አስፋልት ዳር ነው፤ ቪላ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ወይ እንደ ቪላ ይክፈሉ፣ ወይ ይልቀቁ!» አሉ።

ባልቴቷ ወደ ቤት ዞር ብላ፣ «ልጆች፣ ዕቃ አውጡ!» ስትል ተጣራች።

አቶ ደምመላሽ ፈገግ አሉ። «ሊለቁ ወሰኑ ማለት ነው?»

«እንዴታ ጌታዬ! አምና ጭቃ ነው ያሉት የእኛ ቤት ይኸውልዎ። ዘንድሮ ያዩትን ቪላ ደግሞ ይምሩንና እንግባበት፤ እኛ እንደሆን ቤት ስንፈልግ ነው የኖርነው!»