የይታገሱ ቢጫ ማሊያ

ይታገሱ ሞቷል። አሥር ዓመቱ ነበር።

በአንድ ወቅት ግን ነበር። ወሎ ውስጥ፣ ሜዳዋ ከመናኸሪያው ጀርባ በሆነ አንዲት ከተማ፣ ባጃጅ ከሚነዳው ከአባቱ ከአንዳርጌና ከእናቱ ከስንዱ ጋር ይኖር ነበር። ገና ሕፃን ሳለ በሽታ ዓይኑን ወስዶበታል። ኳስ ግን ነፍሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ባጃጁን ሜዳው ዳር ያቆምለታል፤ እሱም ከኋላ ወንበር ሆኖ «አሁን ማን ያዛት? አሁንስ?» እያለ አባቱን ያደርቀዋል። አንድ ቅዳሜ ጥያቄውን ለወጠ።

«አባ፣ እኔስ መቼ ነው የምይዛት?»

አንዳርጌ ሞተሩን አስነሣ።

ይህን ሦስት ወጣቶች ሰሙ። የሰፈሩን ልጆች በነፃ ኳስ የሚያሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

አንደኛው ቢራራ ነው። ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ነገር አያበዛም። «ካላያት ይስማታ» አለና ከቡድኑ ኳሶች ደህናዋን መርጦ በስፌቷ በኩል ቀደዳት። ጓደኞቹ «አብደሃል እንዴ!» ብለው ጮኹበት። ቃጭል ከተተባት፤ ቃጭሉ የውስጧን ጎማ በሳው። ጠገነው፤ እንደገና በሳው። በመጨረሻ ቃጭሉን በጠርሙስ ክዳን ከልሎ በቆዳዋና በጎማዋ መሃል ሰፋው። ኳሷ ስትንከባለል ትናገር ጀመር። ይታገሱ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቃትና «ሳቀች!» አለ።

ሁለተኛው ኢዘዲን ነው፤ የሰፈሩ ቡድን አምበል። ልጆቹ «ይግባ፣ ግን አንነካውም፤ ሲመጣ እንለቅለታለን» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንደ ሽማግሌ ሊያከብሩት አስበው ነው። ኢዘዲን ግን አልወደደውም። «ጎሉን እንደ ሳንቲም ልትወረውሩለት?» አለ። የእናቱን ሻሽ አውጥቶ የራሱን ዓይን አሰረና ሜዳ ገባ። ብዙም ሳይራመድ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ ተነሥቶ «የሳቀ ሁሉ ቀጥሎ ይታሰር!» አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በረኛው ሳይቀር ሁሉም ዓይናቸውን ታስረው ቆሙ፤ እጃቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቀጥ ብሎ የቆመው ይታገሱ ብቻ ነበር።

«እናንተ እንግዶች ናችሁ» አላቸው። «እኔ አገሬ ነው።»

እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው ጨዋታ ተበላሸ። ያበላሸው ፍቅር ነው። ኳሷ ወደ ይታገሱ በተጠጋች ቁጥር ዳር የቆሙት እናቶች እልል ይላሉ፤ እልልታው ቃጭሉን ይውጠዋል። ልጁ መሃል ሜዳ ላይ ጆሮውን ይዞ ቆመ። ኳሷ በእግሮቹ መካከል አለፈች፤ እሱ አላወቀም። ስንዱም ከእልልተኞቹ አንዷ ነበረች። ዝም በሉ ቢባሉ አልሆነላቸውም፤ እዚያ ሰፈር ደስታ አፍ ውስጥ ማደር አያውቅም።

ሦስተኛዋ ያምሮት ናት፤ የነርስነት ተማሪ። ማንንም አልተቆጣችም፤ ማንንም አልመከረችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልዲና ኩባያ ይዛ መጣችና ለተመልካቹ ሁሉ ውሃ አጎነጨች። «እንዳትውጡት! ጎል እስኪገባ በጉንጫችሁ ያዙት» አለች። ምላሰኛዋ ጎረቤት እትዬ ወለላ «አንቺ ልጅ፣ በስተርጅናዬ ጡጦ ልታስይዢኝ ነው?» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ፣ ኩባያውን ከንፈራቸው ላይ አደረገችባቸው። እናቶቹ ሁሉ ጉንጫቸውን ነፍተው ተሰለፉ። ሜዳው ጸጥ አለ።

ቃጭሉ ብቻ ተሰማ። ይታገሱ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ ዞረ፤ መታ። ኳሷ ከጎሉ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ አጥር ጓ! አደረገችው። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ ውሃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተተፋ፤ ፊት የቆመው በሰበሰ፤ እልልታውም ተከተለ። አንዳርጌ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሜዳውን ዞረ። ይታገሱ «ቀስ በል አባ፣ አምበል ይዘሃል!» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ሜዳ ሞላ። ከላይ ሰፈር ዓይነ ስውር እህትማማቾች መጡ። በክራንች የሚሄድ አንድ ልጅ በረኛ ልሁን አለ፤ ሆነ። ይታገሱም ጎሉን ሲያገባ ለብሶት የነበረውን ቢጫ ማሊያ ከዚያን ቀን በኋላ ማውለቅ እምቢ አለ፤ ስንዱ የምታጥበው ሲተኛ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ያ ዓይኑን የወሰደው በሽታ ተመለሰ። ልጁ ከአልጋ ዋለ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት አባቱን ጠራው።

«አባ፣ ማሊያዬን ለዚያ ጎሏን እንዳገባ ላደረገኝ ሰው ስጥልኝ።»

«ማን ነው እሱ?»

«አንተ ደግሞ! እዚያው ነበርክ እኮ» አለና እንቅልፍ ወሰደው።

አንዳርጌ ሲነቃ እጠይቀዋለሁ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። አልነቃም።

በዚያ ሰፈር የሟች ልብስ ከአርባው በላይ ቤት አይቆይም፤ ሟች የተናዘዘ እንደሆነ ለተናዘዘለት ሰው ይሰጣል። የይታገሱ ልብስ ሁሉ ሄደ፤ ማሊያው ብቻ ሚስማር ላይ ቀረ። በአርባው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳው ሲሳሳ፣ አንዳርጌ ሦስቱን ወጣቶች ጠርቶ የልጁን ቃል ነገራቸው።

«ማንን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም» አለ። «እናንተው ንገሩኝ።»

ቢራራ ቀደመ።

«ጋሼ፣ አልዋሽህም፤ እፈልገዋለሁ። ኳሷ ባትናገር ኖሮ ምኑን ይመታው ነበር? አየሩን?»

«ቃጭልማ የእትዬ ወለላ ላምም አንገት ላይ አለ» አለች ያምሮት። «ጎል ስታገባ ግን አላየናትም።»

ስንዱ ሳቀች። ልጇ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እኔም እፈልገዋለሁ» አለች ያምሮት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሷም ነበረች፤ የልጆቹም ዓይን ታስሮ ነበር። ጎል ግን ነበረ?»

ኢዘዲን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ኳሷም ትናገር፤ ሜዳውም ጸጥ ይበል። ዓይናቸው ቢገለጥ ኖሮ ይለቁለት ነበር። እሱ ደግሞ ሲለቁለት ያውቃል፤ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። የተለቀቀለትን ጎል አግብቼዋለሁ አይልም ነበር። ጋሼ፣ እኔም እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ ለሦስት ቅደዱትና ተገላገሉ» አሉ እትዬ ወለላ ከጥግ።

«አይቀደድም!» አለች ስንዱ። «ለሰዎች አላለም። ለሰው ነው ያለው።»



አንዳርጌ ማሊያውን ከሚስማሩ አወረደ። የሕፃን ልብስ ነው፤ ከሦስቱ ለአንዳቸውም ልካቸው አይደለም። ሦስቱም ግን ዓይናቸውን ከማሊያው ላይ መንቀል አልቻሉም። ገልበጥ አድርጎ ቢያየው ብብቱ ሥር ተተርትሯል።

«እንዲህ ሆኖ አይሰጥም» አለ።

ስንዱ መርፌና ክር ሰጠችው። «አምጣ፣ እኔ ልስፋው» አላለችም። እሱም ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ተቀምጦ ይሰፋ ጀመር። ስፌት አያውቅበትም፤ መርፌው ጣቱን ወጋው፤ ቀጠለ። ሦስቱ ወጣቶች ቆመው ጠበቁት። ጨረሰ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ማሊያውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ያዘና ብድግ አለ።

የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ። አንዱ ኳሷን አናገራት፤ አንዱ ጨዋታውን እውነተኛ አደረገው፤ አንዷ ሜዳውን ዝም አሰኘችው። ጎሉ አንድ ነው፤ ማሊያውም አንድ። በአንዳርጌ ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?