ንግሥቱን የሰጠው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበረ። በአዳማ የሚኖር፣ በጤና ጣቢያ ደም የሚመረምር ሰው። ስሙ ይርዳው ነው። በማይክሮስኮፑ ያየውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሳያይ ለማንም ሰው ወባ አለብህ አይልም። ሕመምተኞቹ፣ "ጋሽ ይርዳው ውጤቱን እስኪያምኑ በሽታው ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል" ይሉ ነበር።

ይህ ሰው ቼዝ ይጫወታል። በሰፈሩ የቼዝ ክበብ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሸነፈው የለም። እሱ እንደሚለው ማለቴ ነው። ለምን "እሱ እንደሚለው" አልኩ? ልንገራችሁ።

ክበቡ አንድ ልማድ አለው። አባላቱ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ ይከባበራሉ። አንዱ ሳያስተውል ንግሥቱን ቢያጋልጥ፣ ሌላው ዘሎ አይበላትም። "መልስ፣ ወንድሜ" ይለዋል። ያኛውም አመስግኖ ይመልሳል። ደግ ልማድ ነው። አይደለም እንዴ?

ከአራት ዓመት በፊት ይርዳው ከልብ ጓደኛው ጋር፣ ከልብስ ሰፊው ከጌጡ ጋር ይጫወት ነበር። ጌጡ ንግሥቱን አምጥቶ በአንዲት ወታደር ለወጣት። በአንዲት ወታደር!

"ጌጡ፣ መልስ" አለ ይርዳው።

"አልመልስም።"

"ንግሥትህ ናት እኮ።"

"የማን መስላህ ነበር? ብላ።"

ይርዳው በላ። ከዚያ በኋላ በስድስተኛው እርምጃ የይርዳው ንጉሥ መሄጃ አጣ። ታዲያ ይርዳው ምን አደረገ? እጁን ዘርግቶ እንኳን ደስ ያለህ አለ? አላለም። የክበቡ ጸሐፊ እሱ ነበርና መዝገቡን ከፍቶ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ጻፈ። ከሥር ደግሞ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ "አቶ ጌጡ በስህተት ንግሥቱን ሰጥቶ በዕድል ስላሸነፈ ጨዋታው አይቆጠርም" ብሎ ፈረመበት።

ጌጡ "አስቤ ነው የሰጠኋት" ብሎ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ ጫፍ ይቀመጣሉ፤ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፤ ሰላምታ ግን አይለዋወጡም።

አንድ ቀን የኮምፒውተር መምህርቷ ስንቅነሽ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም በላፕቶፕ ይዛ ወደ ክበቡ መጣች። ይርዳው የሸሚዙን ቁልፎች ዘግቶ ተቀመጠ። በጥንቃቄ ተጫወተ። በአሥራ ስምንተኛው እርምጃ ኮምፒውተሩ ንግሥቱን አምጥቶ በአንዲት ወታደር ለወጣት።

ይርዳው መነጽሩን ጠረገ። ሦስት ጊዜ አየ።

"ስንቅነሽ፣ ማሽንሽ ተሳስቷል። ይመልስ።"

"አይመልስም፣ ጋሼ።"

"ንገሪው እንጂ። በኋላ ተበደልኩ እንዳይል።"

"እሱ ቅር አይለውም። እርስዎ ይጫወቱ።"

በላ። ፈረሱ መጣ፣ ንጉሡ ሸሸ። ግንቡ መጣ፣ ንጉሡ ሸሸ። ንጉሡ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ የጠላት ወታደሮች መሃል ገብቶ ሞተ። የይርዳው ሠራዊት ግን ማንም ሳይነካው እንደተደረደረ ቆሞ ነበር። ንግሥቲቱም በእጁ ናት።

"ቀብሩ እንኳ ከሰፈር ራቀ" አለ ከተመልካቾቹ አንዱ።

ሌላው ቀጠለ፦ "ጸሐፊ፣ ይሄንንስ አይቆጠርም ብለህ ትጽፈዋለህ?"

ይርዳው ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ምን ይበል? ኮምፒውተር በዕድል አሸነፈኝ ይበል? ዕድሜውን ሙሉ በምርመራ የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይናገር? ተነሥቶ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደ። የዛሬ አራት ዓመቱን ገጽ ፈለገና ስንቅነሽ የጌጡን ጨዋታ ንግሥቱን ሊሰጥ እስከነበረባት እርምጃ ድረስ በላፕቶፑ ላይ እንድትደረድር አደረገ።

"አሁን በጌጡ ቦታ ሆኖ ይጫወት።"

ኮምፒውተሩ አላመነታም። ንግሥቱን ሰጠ።

"ድገሚው።"

ሰጠ።

"አንዴ ደግሞ።"

ሰጠ። ሦስት ጊዜ ታየ። ከዚህ በኋላ ይርዳው ማምለጫ አልነበረውም።

በማግስቱ ይርዳው፣ ጌጡ ልብስ ወደሚሰፋበት ቤት ሄደ። ጌጡ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል፣ "ልትለካ ነው?" አለው።

"ጌጡ፣ ያን ቀን አሸንፈኸኛል።"

"አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።"

"ስህተት አልነበረም።"

"ይሄን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጀብህ?"

"ማረጋገጥ ነበረብኝ።"

"በምን አረጋገጥክ?"

"በኮምፒውተር።"

ጌጡ የመኪናውን መዘውር በእጁ አቆመው። "እኔ አስቤ ነው የሰጠኋት ብዬ ስነግርህ አላመንከኝም። እሱን አመንከው።"

ይርዳው መነጽሩን አወለቀ።

"ልጄን ስድር አልነበርክም፣ ይርዳው። ጓደኛህ የት አለ እያሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። አሞታል አልኳቸው።"

ይርዳው "ይቅር በለኝ" አለ። ጌጡም የተቆለለውን ጨርቅ ከበርጩማው ላይ አንሥቶ ቦታ ሰጠው።

ወገኖቼ፣ በይርዳው ስትስቁ ሰማኋችሁ። እኔም ስቄበታለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። የወንድማችሁን ብልሃት ዕድል ነው ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? እህታችሁ አስባበት የሰጠችውን፣ ሳታውቅ ነው ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? ቃሉን ለመቀበል ምስክር የምትጠይቁት ሰው በቤታችሁ የለም?

ይርዳው ክፉ ሰው አልነበረም። ጠንቃቃ ሰው ነበር። ጥንቃቄውን ግን ሁሉንም በሌላው ላይ አዋለው፤ በራሱ ልብ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላዋለውም። ይቅርታ አግኝቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ሠርግ ግን ማን ይደግምለታል?

አሁን መዝሙር ልናወጣ ነበር። ይቆይ። "ልክ ነበርክ"፣ "ልክ ነበርሽ" ሳትሉት የቀራችሁት ሰው እዚህ ካለ፣ ተነሡና ሂዱ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።