የባለ ሉካንዳው ትሪ

አንድ ባለ ሉካንዳ ነበረ።

መምሬ ይትባረክ መልሳቸውን የጀመሩት በዚህ ቃል ነው። ጠያቂው ደምሰው የሚባል ወጣት አናጺ ነው፤ ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቅጥር ግቢው ጥድ ሥር አገኛቸውና ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ሚስቱ ነርስ ናት። ደክሟት ከሥራ ስትገባ እሱ ቀድሞ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ወጥ ያማስላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በር ዘግቶ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ጓደኞቹ ሳይታሰብ ደረሱ። ያን ጊዜ ሽርጡን ፈትቶ አልጋ ሥር ወረወረና እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ምን ሆነሽ ነው ምሳው እስካሁን የዘገየው?» ብሎም ጮኸባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስቱ ወደ ማድ ቤት ዝር አታስብለውም።

«መምሬ፣ እኔ ሳላግዛት ቀርቼ አላውቅም፤ በስውር ሆነ እንጂ» አላቸው። «ደግሞ በጎ ነገር በስውር ሲሆን ነው የሚያምረው ይሉን የለ? ታዲያ ምን በደልኳት?»

መምሬም «አንድ ባለ ሉካንዳ ነበረ» አሉት። ምሳሌው እንዲህ ነው።

ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። ሽንጡን ከዳቢት፣ ታላቁን ከፍሪምባ በዓይኑ ይለያል። ዕድሜውን ሁሉ ሥጋ ሲቆርጥ ኖረ እንጂ አንዲት ቀን አብስሎ አያውቅም። በሰፈሩ ማድ ቤት የሚገባ ወንድ ስም ይወጣለታል፤ እሱም ለብዙ ወንዶች ስም ካወጡት አንዱ ነው።

ሚስቱ እናቷ ታመውባት እሳቸውን ልታስታምም ወደ ገጠር ሄደች። ከወር በላይ ቆየች። ሦስት ልጆች አሏቸው። አባትየው ማታ ማታ ከሉካንዳው ጥብስ እያስጠበሰ ይገባል። ልጆቹ መጀመሪያ ጨፈሩ። በኋላ ጥብሱ በር ላይ ሲሸታቸው «እኔ አልራበኝም» ማለት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ ጧት ሚስቱ ደወለች። እናቷ ድነዋል፤ በማታው አውቶቡስ ትገባለች። ልጆቹ አልጋው ላይ ዘለሉ። ትልቋ ልጅ ግን መዝለሏን አቆመችና፣ «አባዬ፣ እማዬንም ጥብስ ልናበላት ነው?» አለችው።

ሰውየው ሚስቱን ያውቃታል። ከመንገድ ገብታ ሻንጣዋን በወጉ ሳታስቀምጥ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ከበሽተኛ አልጋ ሥር ተነሥታ መጥታ ዛሬም ስታበስል ልታመሽ ነው። ያን ማታ እንኳ ቁጭ ብላ ትኩስ ራት እንድትበላ ፈለገ። ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

ከደንበኞቹ መካከል የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት አለች። ሁልጊዜ የተፈጨ ሥጋ ነው የምትገዛው። ያን ጧትም ሥጋውን እየፈጨላት፣ «ይህን ከድንች ጋር በትሪ የምትጋግሪው እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ዘመዴ። ሚስቱ የለችም።»

«ዘመድህ ማማሰያ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ ያውቃል?»

«ይማራል» አላት።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገረችው። ድንቹን ከነልጣጩ ይቀቅል። ግማሹን በስሱ ቆርጦ ትሪው ላይ ይደርድር። ሽንኩርቱን ያቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይጨምርበት፤ ሥጋውን ጨምሮ ውሃው እስኪመጠጥ ድረስ አይቸኩል። ያንን በድንቹ ላይ ያንጥፍ። የቀረውን ድንች በቅቤና በወተት ደቁሶ ከላይ ያልብሰው። ከዚያ ዳቦ ቤት ይውሰደው፤ ቡታጋዝ ላዩን አያቀላውም። «ዘመድህን ደግሞ በርታ በልልኝ» ብላ ሥጋዋን ይዛ ሄደች።

ባለ ሉካንዳው በቀትር ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ። በሩን ቀረቀረ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ። የመጀመሪያው ሽንኩርት አረረበት። ሁለተኛው ተሳካ። ልጆቹ ድንች እየላጡ፣ እየቀመሱ፣ እየተጣሉና እየሳቁ ዋሉ። ያን ቀን የማያውቁት አባት ነበር የመጣላቸው። ከላይ ያለበሰውን ድንች ትልቋ በሹካ ጥልፍ አወጣችበት። ሲጨርሱ አባትየው ትሪውን ሸፋፍኖ ልጆቹን፣ «ለማንም እንዳትናገሩ» አላቸው።

በዚያ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦ ቤቱ የራሱን ዳቦ ከጨረሰ በኋላ ምድጃውን ለሰፈርተኛ ይለቃል። ሴቶቹ የሰንበቴ ድፏቸውን ያመጣሉ። ጋጋሪው ትሪ ባወጣ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይይዝና «የማን ነው?» ብሎ ይጣራል። ባለቤቷ እጇን አውጥታ ትቀበላለች። በዚያ ወረፋ ወንድ አይቆምም።

ባለ ሉካንዳው በጓሮ በር ገባ። ትሪውን ለአንድ ሠራተኛ ሰጥቶ፣ «ሰው ሲቀንስ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለው። ሲመሽ ተመለሰ። ሰው አልቀነሰም፤ ጭራሽ በዝቷል። ትሪውን የተቀበለው ሠራተኛም ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከሉካንዳው መደዳ ሁለት ጓደኞቹ ዳቦ ሊገዙ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እሱም ዳቦ እንደሚገዛ ሰው አጠገባቸው ቆመ።

ጋጋሪው አንድ ትሪ አወጣ። ላዩ ወርቅ መስሏል፤ በዳር በዳሩ የሥጋው መረቅ ይንተከተካል።

«ይሄ የድንች ትሪ የማን ነው?»

እጇን ያወጣች የለችም። ሴቶቹ ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ውይ! ይቺ ደግሞ የየትኛዋ ባለሙያ ናት?»

«ላዩን እዩት፤ እንደ ቀሚስ ጠልፋዋለች እኮ!»

«ባሏ ታድሎ!»

አንደኛው ጓደኛው ባለ ሉካንዳውን በክርኑ ጎሸም አደረገው። «ሰማህ? የዚህች ባል አንተ ሱቅ ድርሽ አይልም። ቤቱ ሁሉ አለለት።» ባለ ሉካንዳው አብሮ ሳቀ። ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል። ግን ደስታውን ዋጠው።

ጋጋሪው ደግሞ ተጣራ። «ባለቤት ከሌለው ለሠራተኞቼ ራት ነው!» ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አንዱ ሹካ ፍለጋ ሮጠ።

በዚህ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ይህች ሴት ምራቷን በማማት የታወቀች ናት። ምራቷ ጨው ብትጨምር በዛ፣ ብትቀንስ አነሰ ይባላል። «ወግዱ!» አለች። «የምራቴ ነው። የድንች ነገር ልኬያለሁ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እንዲህ ያስለመድኳት! እጇ እኮ መድኃኒት ነው!» ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጊቷ በትሪው ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በጨርቅ አቅፋ ወደ በሩ አመራች።

ከመናኸሪያው በኩል የማታው አውቶቡስ ጥሩንባ ተሰማ።

ባለ ሉካንዳው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አየ። ትሪው በአጠገቡ ሊያልፍ ነው፤ ሚስቱም ከአውቶቡስ እየወረደች ነው። ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል። እሷ ግን ባዶ ማድ ቤት ገብታ እሳት ታነዳለች። አሮጊቷ ፊት ቆመ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትሪው የኔ ነው።»

«ያንተ? ሚስትህ ገጠር አይደለችም እንዴ?»

«ነበረች።»

«ታዲያ ማን ሠራልህ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አሮጊቷ፣ «ሥጋውን ሸጠህልን ስታበቃ መልሰህ ልትወስደው ነው? ውሸታም!» አለች።

«በግራ በኩል ቃሪያ የለበትም» አላት። «ትንሹ ልጄ ስለማይችል ለይቼ ነው ያነጠፍኩት። ቀምሰው ይዩ።»

ጋጋሪው ማንኪያ አመጣ። አሮጊቷ ከግራው ቀመሰች፤ ምንም አልሆነችም። ከቀኙ ቀመሰች፤ አስነጠሳት፣ ዓይኗም ቀላ። «የሱ ነው» ብላ ፈረደች። «የኔዋ ቃሪያ የሌለበት ነገር ሠርታ አታውቅም።» ከዚያም ሳይፈቀድላት ከግራው በኩል አንድ ማንኪያ ደገመች።

ሳቁ የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። «የዚህ ሳምንት ሰንበቴ ተረኛ ተገኘ!» አለች አንዷ። «ሽንኩርቱንስ ማን አቁላላልህ?» አለች ሌላዋ። «እኔው። የመጀመሪያው አርሮ ተደፍቷል» አላት። ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ አመኑት፤ ያላበሰለ ሰው ይህን አያውቅምና። መንገድ ለቀቁለት። ጓደኞቹም፣ «ባለ ሽርጡ! ነገ ድፎ ይዘህ ና!» እያሉ እስከ መንገዱ ጮኹበት። ከሁለቱ ይበልጥ የጮኸው ግን ትንሽ ቆይቶ ሮጦ ደረሰበትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማ፣ ድንቹ ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው?» ብሎ ጠየቀው።

የአሮጊቷ ምራት ትሪም ከዚያ ምድጃ ወጣ። አማት በሕዝብ ፊት እጇ መድኃኒት ነው ብላለችና ያን ማታ ጨው በዛ፣ አነሰ ሳትል በላች።

ባለ ሉካንዳው ትሪውን ገልጦ፣ በዋናው መንገድ፣ እየተንጎራደደ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ሻንጣዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ወሬው ቀድሞ ደርሷታል።

«ባልሽ አብዷል አሉኝ።»

«ምን አድርጎ?»

«ድንች ጋግሮ።»

«ግቢ፤ ሳይበርድ ቁጭ በይ» አላት።

ቁጭ አለች። ልጆቹ የመጀመሪያውን ጉርሻ ማን እንደሚያጎርሳት ተጣሉና ሦስቱም በአንድ ጊዜ አጎረሷት። መናገር እስኪያቅታት ድረስ ሳቀች። ትሪው ባዶ ሲሆን የዳሩን ቅርፊት በማንኪያ ፋቁ፤ ሲጠግቡም ማንም ቶሎ አልተነሣም።

መምሬ እዚህ ላይ ወደ ደምሰው ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ባለ ሉካንዳው አንተ ነህ። ልዩነቱ፣ አንተ ገና ከወረፋው ዳር ቆመሃል። ትሪህ ወጥቶ ‹የማን ነው?› እየተባለ ነው፤ አንተ ከሚስቁት ጋር ትስቃለህ። እሱ ግን ዝም አለ እንጂ በሚስቱ ላይ አልጮኸም።

«በስውር ይሁን የተባለ በጎ ነገር አለ፤ አውቀዋለሁ፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ለችግረኛ የምትሰጠው ነው። የሚሰወረውም ተቀባዩ እንዳያፍር ነው። አንተ የሰወርኸው ራስህ እንዳታፍር ነው። እፍረቱንም ለሷ ተውክላት። ደግሞ በገዛ ቤትህ ዕቃ ማጠብ ምጽዋት አይደለም፤ ድርሻህ ነው። ሚስትህ ሽርጡን ስትወረውር አይታሃለች። እሷን ማገዝ ለባሏ አልጋ ሥር የሚደበቅ ነገር እንደሆነ ተረዳች። በዚህ ደግሞ አልተሳሳተችም። እንዲህ ያለ እርዳታ ይቅርብኝ ብትል ምን ይፈረድባታል?»

ደምሰው መሬት መሬት አየ። «ታዲያ ምን ላድርግ መምሬ? ይቅርታ ልጠይቃት?»

«ጠይቃት፤ ይገባታል። ግን የበደልካት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውን በጓዳ ብቻ አትጨርሰው። እነዚያኑ ጓደኞችህን ለመጪው እሑድ ምሳ ጥራቸው። ሲያንኳኩ ሽርጥህን ሳትፈታ በሩን ክፈትላቸው። የሚስቅ ካለ ቢላና ሽንኩርት አስይዘህ ከጎንህ አስቀምጠው።»