ወንበር የበላው ሜዳ

አንድ ጊዜ የደጋው ወረዳ እንስሳት ደቦ ወጥተው ስታዲየም መሥራት ጀመሩ። ከሁሉ ይበልጥ የተደሰተችው የወረዳው የእግር ኳስ ቡድን ግብ ጠባቂ አህያ ነበረች። ሜዳ ስላልነበራቸው ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫወት የኖረችው ገደል እየወረደች በተጋጣሚዎቻቸው በከርከሮዎች ቆላ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ዳገቱ ይጠብቃታል፤ ተሸንፎ ዳገት መውጣት ደግሞ የባሰ ነው። ዘንድሮ ግን ዳኛዋ ሜዳውን አይታ ከፈቀደች ጨዋታው በአገሯ ሊሆን ነው። ስለዚህ የመልበሻ ክፍሉንም የሽንት ቤቱንም ድንጋይ ያመላለሰችው ሳታጉረመርም ነው።

ድንጋዩ ተቆልሎ ሳለ ጌታ አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ለእኔ ከፍ ያለች የክብር መቀመጫ ብትኖር» አለ። ተሠራችለት።

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ ዐይኑ ቀላ። እመት ቀበሮም ጠጋ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ከኋላ ይቀመጣል? ከጌታ አንበሳ ፊት አንድ ረድፍ ይሠራልዎት እንጂ!» አለችው።

«እውነትሽን ነው! እንዲያውም ሁለት ረድፍ፤ በአንዱ እቀመጣለሁ፣ በአንዱ እግሬን እዘረጋለሁ።»

ጅብ ከኋላ የለቀቀውን የዛፍ ጥላ ቀበሮ ወረሰችው። ጎሽ ደግሞ ከጅብ ፊት አሠራ፤ ዝንጀሮ ከጎሽ ፊት፤ ጅብም ተመልሶ ከዝንጀሮ ፊት። የሽንት ቤቱም የመልበሻ ክፍሉም ድንጋይ መቀመጫ ሆኖ አለቀ።

«ጌቶቼ፣ ሜዳው እያለቀ ነው» አለች አህያ።

«አንቺ ድንጋይሽን ተሸከሚ!» አላት ጅብ። «ቢጠብ ምን አለ? ሩጫው ይቀልልሻል።»

እሁድ ከርከሮዎቹ እየዘፈኑ ዳገቱን ወጡ። አምበላቸው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «የት ነው የምንለብሰው?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

«እሺ፣ ሽንት ቤቱስ?»

ሁሉም ሰማይ ሰማዩን አዩ።

ዳኛዋ ሰጎን ሜዳውን በእርምጃ ልትለካ ተነሣች፤ ገና መራመድ ስትጀምር ከወዲያኛው ግብ ደረሰች። «ይህ ስታዲየም አይደለም፣ የሠርግ ዳስ ነው» አለች። «ወይ ቶሎ አስተካክሉ፣ ወይ ጨዋታው ቆላ ይወርዳል።»

የአህያ ጆሮዎች ተንጠለጠሉ። ገደሉ ታያት፤ ዳገቱ ታያት። ከዚያ እንደ ምንም ደፍራ አንበሳ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ እኛ ቆላ ስንወርድ እርስዎ እዚህ ሆነው ምን ሊያዩ ነው? የአያ ጅቦን ማጅራት?»

«እስካሁንስ ሌላ ምን አየሁ!» ብሎ አንበሳ ሳቀና ተነሣ፤ የተቀመጠበትንም ድንጋይ ራሱ ተሸከመ። ጌታው ሲሸከም ማን ይቀመጣል? ደቦው እንደገና ሞቀ፤ ከርከሮዎቹ ሳይቀሩ ገቡበት። የመልበሻውና የሽንት ቤቱ ግድግዳ ከአንገት በላይ ቆመ፤ ሜዳውም ሜዳ ሆነ።

ጅብ ብቻ ግቡ አፍ ላይ ተጎልቶ ቀረ። «ክብሬን አልለቅም!»

«ተዉት» አለች ቀበሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ብቻ የእንግዶቹ ምሳ ከኮረብታው ኋላ መቅረቡን ለአያ ጅቦ እንዳትነግሩት።»

ጅብ ሲሮጥ አቧራው ብቻ ታየ። ምሳ አለመኖሩን አረጋግጦ ሲመለስ መቀመጫው የመልበሻ ክፍሉ ደፍ ሆኗል፤ ጨዋታውም ተጀምሯል። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት የከርከሮዎቹ አጥቂ ኳሷን ለጋት፤ አህያ ተወርውራ በጆሮዋ ጫፍ አወጣቻት።

«የእኛ ልጅ!» አለ ጅብ፣ ቁጣውን ረስቶ እየዘለለ። ሳሩ ላይ ቁጭ ያለው አንበሳም ዘለለ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የተቀመጠ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉም ከፊት ካልተቀመጥሁ ካለ የሚታይ ጨዋታ እንደማይኖር ነው።