ግዝት የተጣለባት ጃርት

ጆሮ ለሰሚ፣ ነገር ለአስተዋይ፤ ተረቴን እነሆ።

በቀደመው ዘመን እመት ጃርት የምትባል ተረተኛ ነበረች። ተረቷን ለመስማት ያልተጋፋ አውሬ አልነበረም፤ በተረቷ ያልተቀየመም አልነበረም። አያ ጅቦ «ሆዳሙ ያለችው እኔን ነው» ሲል፣ ጦጣ ደግሞ «ሌባይቱ ያለችው እኔን ነው» ትል ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ ገደል ገብታ የምትጮኽበትን ተረት ገና ስታጋምስ፣ አውሬዎቹ ተሰብስበው ጃርትን ከአንበሳ ዘንድ ከሰሷት። አንበሳም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከወንዙ ወዲህ ተረቷን የሰማ ውጉዝ ይሁን!» ብሎ ገዘተ። የተወለደችበትንም ጎሬ በቋጥኝ ደፈኑት።

ጃርት ጎሬዋን ዞር ብላ አየችና ወንዙን ተሻገረች። ወዲያው ከኋላዋ ውኃው ተንቦጫረቀ።

«አያ ጅቦ፣ ደግሞ ምን ቀረህ?»

«መሄድሽን ላረጋግጥ ነው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ለመሆኑ ያች ቀበሮ ወጣች?»

ጦጣም ጅራቷን ከውኃው ከፍ አድርጋ፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳትጀምሪ!» እያለች ደረሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻ አንበሳ ጎፈሩ ውኃ እያንጠባጠበ ሲመጣ ሁሉም አቀረቀሩ።

«ግዝቴን የደፈረ ማን ነው?»

«ማንም የለም፣ ጌታዬ» አለች ጃርት። «ግዝቱ ያለው ከወንዙ ወዲያ ነው።»

አንበሳ ጥቂት አሰበና ተቀመጠ። «እንግዲያስ ቀጥዪ።»

«ከደጄ ላይ ቋጥኙ ሳይነሣ ቀበሮይቱ ከገደሉ አትወጣም።»

ያን ጊዜ ግዝቱን እየፈታ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወንዙን መልሶ የተሻገረው አንበሳው ነበር።

ተረቴን ከወንዙ ማዶ አመጣሁት፤ ለሰሚ ጆሮ አደራ ሰጠሁት።