ለአዋጅ የታዘዘ መክደኛ

መገበያያው አሞሌ ጨው በነበረበት ዘመን፣ አዋጁ ከገበያ ገበያ የማይዘልቅ አንድ ሹም ነበር። ዛሬ አሥሩ አሞሌ በአንድ ብር ይመንዘር ብሎ ያስነግራል፤ ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ ሲደርስ ሃያ ነው ይለዋል፤ "ምነው?" ያለውን ያስገርፋል። ነጋዴው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ።

ገበያው ጭር ቢልበት አንዲት ምላሰኛ ነጋዴ ከኬላው አስያዘ።

"አገሬን ምን አግኝታችሁበት ነው የምትሸሹት? ክፉ ቃል ካወጣሽ በቅሎሽ ይወረሳል!" አላት።

ሴትዮዋ ከበቅሎዋ ሌላ ሀብት የላትምና ልጓሙን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እጅ ነሳች።

"አገሩማ ምን ይወጣለታል፣ ጌታዬ! ዝናቡ አሞሌዬን ቢያሟሟብኝ ቆዳ አሰፍቼ ጠቀለልኩት። ለአዋጁም መክደኛ እንዲሰፋልኝ ያንኑ ሰፊ ብለምነው፣ 'የሹሙን አፍ ማን ደፍሮ ይለካል?' ብሎ እምቢ አለኝ።"