የአቶ ውብሸት በር

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ውብሸት ስለ ኮምፒውተር ሠልጥነው መጡ። ፕሮግራም ሲጻፍ እያንዳንዱ ክፍል ምን ዓይነት ነገር ተቀብሎ ምን ዓይነት ነገር እንደሚመልስ አስቀድሞ ይነገራል ብለው አስተምረዋቸው ኖሮ፣ "መሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ ይሁን" ሲሉ አዘዙ።

ፕሮግራም የምትጽፈው ምላሰኛ ልጅ በየበሩ ሰሌዳ ሰቀለች። የሻይ ክፍሉ "ቅጠልና ውሃ ይቀበላል፣ ሻይ ይመልሳል" ተባለ። የመጸዳጃ ቤቱን መናገር ነውር ነው። የግቢው በር "ሰው ይቀበላል፣ ሰው ይመልሳል" ስለሚል፣ ለአቶ ውብሸት የበዓል በግ ይዞ የመጣውን ባለጉዳይ ጥበቃው አላስገባም አለ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በጉ ሰው ተብሎ ተመዘገበና ገባ።

በዓሉ አልፎ አቶ ውብሸት ሥራ ሲገቡ የራሳቸውን ሰሌዳ ልብ ብለው አነበቡት። "አቶ ውብሸት ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ በግ ይቀበላሉ" ይላል። "ይመልሳሉ" ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ልጅቷን ወረፋ በያዘው ባለጉዳይ ሁሉ ፊት አስጠሯት።

"የምመልሰውን አሁን ጽፈሽ ጨርሺ፤ አለዚያ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ" አሏት።

"ጨርሻለሁ እኮ ጌታዬ" አለች። "ምን እንደሚመልሱ እዚህ ደጅ የሚጠኑትን አንድ በአንድ ጠይቄ የሚያውቅ አጣሁ። ሰው ተብሎ የገባው በግ እንኳ እስካሁን አልተመለሰም።"